የአንድ ሰው ብዕርና የማኅበር ብዕር

ሰው በአፉ የተናገረው ቃል ከነፋስ ጋራ ያልፋል፤ በጽሕፈት ያኖረው ግን ለሚመጣው ትውልድ ይተርፋል። ስለዚህ ጽሕፈት ከጥንት ጀምሮ ለመንግሥት ሥራና ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሠረት ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን የሚጻፈው ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንድ ሰው ስሙን ጽፎ ማኅተሙን አትሞ የሚልከው ደብዳቤ አለ፤ ብዙ ሰዎች በየተራ የሚጽፉበት፥ አንዱ የጀመረውን ሌላው የሚፈጽምበት የጋራ መዝገብም አለ። ደብዳቤው የጸሓፊው ነው፤ መዝገቡ የቤቱ ነው። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ስለ ቃሉ ይጠየቅበታል፤ መዝገቡን ግን ሹም ቢሻር፥ ሹም ቢሾም፥ ቤቱ ይዞት ይኖራል።

በዛሬው ዘመን ሰዎች በኢንተርኔት ተባብረው ለመጻፍ ከሚገለገሉባቸው መሣሪያዎች ሁለቱ፥ ብሎግና ዊኪ የሚባሉት፥ ይህንኑ የደብዳቤና የመዝገብ ልዩነት የተከተሉ ናቸው። ሁለቱም በኮምፒዩተር የሚጻፉ፥ ሁለቱም በሩቅ አገር የሚነበቡ ስለ ሆኑ ብዙ ሰዎች አንድ አድርገው ይቈጥሯቸዋል። ጠባያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ለምክር የሚሆነውን ለመዝገብ፥ ለመዝገብ የሚሆነውን ለምክር ያዋለ መሥሪያ ቤት ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል፤ ከዚያም አልፎ እውነትና ሐሰት ተቀላቅለው፥ ማን እንደ ጻፈው ሳይታወቅ፥ በሰው ስምና ክብር ላይ ጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ የሁለቱን አነሣሥና አሠራር፥ ጥቅምና ጉድለት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ብሎግ የሚለው ቃል የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው። በዚያ ቋንቋ ‹ሎግ› ማለት የመርከብ አለቃ በየቀኑ ያየውንና ያደረገውን የሚጽፍበት መዝገብ ነው። በ1997 ጆርን ባርገር የተባለ አሜሪካዊ፥ በኢንተርኔት ሲመላለስ ያገኘውን በየቀኑ የሚጽፍበትን ገጽ ‹ዌብሎግ› ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም የመረብ መዝገብ ማለት ነው። በ1999 ፒተር መርሆልዝ የተባለ ሌላ ሰው ቃሉን አሳጥሮ ብሎግ አደረገው። በዚያው ዓመት ብሎገር የተባለው መሣሪያ፥ በ2003 ደግሞ ወርድፕረስ የተባለው በወጣ ጊዜ፥ የኮምፒዩተርን ጥበብ ያልተማረ ሰው ሁሉ የራሱን ገጽ ለመክፈትና ሐሳቡን ለዓለም ለማስነበብ ቻለ።

የብሎግ ሥርዐት እንዲህ ነው። ገጹ ባለቤት አለው። ባለቤቱ አንድ ነገር በጻፈ ጊዜ ቀኑ ይታይበታል፤ አዲሱ ጽሑፍ ከላይ፥ የቀድሞው ከታች ይሆናል። አንባቢ የሚናገረው ቢኖረው ከጽሑፉ ግርጌ ይጽፋል እንጂ የባለቤቱን ቃል ሊለውጥ አይችልም። ስለዚህ ክርክር ቢነሣ የያንዳንዱ ሰው ቃል በየስፍራው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ማን ምን እንዳለ፥ በየትኛው ቀን እንዳለ፥ ማን እንደ መለሰለት ይታወቃል። ጉድለቱም የሚወጣው ከዚሁ ነው። የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጠው በቀን ተራ እንጂ በነገሩ ተራ አይደለምና፥ ከብዙ ወራት በኋላ የመጣ ሰው የነገሩን ፍጻሜ ለማወቅ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሁሉንም ማንበብ ይኖርበታል። የተሻረውንና የጸናውን ሐሳብም ጐን ለጐን ያገኘዋል።

ዊኪ በሃዋይ ደሴቶች ቋንቋ ፈጣን ማለት ነው። ዋርድ ከኒንግሃም የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ፥ በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን የሚያመላልሰው አውቶቡስ በዚህ ቃል መጠራቱን ያስታውስ ነበርና፥ በማርች 1995 ለሙያ ጓደኞቹ የከፈተውን የጋራ ገጽ ‹ዊኪ ዊኪ ዌብ› ብሎ ሰየመው። ሐሳቡም ቀላል ነበር። ገጹን የሚያነብ ሰው ጉድለት ያየ እንደ ሆነ፥ ለጸሓፊው ደብዳቤ ልኮ መልስ ሳይጠብቅ፥ ወዲያውኑ በገዛ እጁ እንዲያርመው ነው።

በብራና መጽሐፍ ላይ ስሕተት ሲገኝ ጸሓፊው ፊደሉን ፍቆ በስፍራው ሌላ ይጽፋል፤ የተፋቀው ምን እንደ ነበረ ከዚያ በኋላ ለማወቅ ያስቸግራል። ዛሬ በሚሠራባቸው ዊኪዎች ግን ተፍቆ የሚቀር ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ከእያንዳንዱ ገጽ በስተ ኋላ የታሪክ ገጽ አለ፤ በዚያም የቀድሞው ቃልና የኋለኛው ቃል፥ እርማቱ የተደረገበት ቀንና ሰዓት፥ ያራሚው መጠሪያ ሁሉ ይመዘገባል። አጥፊ ቢመጣ ሌላው ሰው የቀድሞውን ጽሑፍ በቅጽበት ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ዊኪ የሚያሳየው የክርክሩን ጕዞ ሳይሆን ክርክሩ የደረሰበትን ስፍራ ነው። የተጻፈውም በቀን ተራ ሳይሆን በነገሩ ተራ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የመጣ እንግዳ አንዱን ገጽ ብቻ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ያገኛል።

እንግዲህ ልዩነቱ በአጭሩ ሲነገር፥ ብሎግ ምክርን ይጠብቃል፥ ዊኪ ስምምነትን ይጠብቃል። በብሎግ ላይ ሰዎች ሐሳባቸው ቢለያይም ሁሉም በየቃላቸው ጸንተው ሊኖሩ ይችላሉ። በዊኪ ላይ ግን አንድ ጽሑፍ ብቻ ስላለ፥ ሊስማሙ የማይችሉ ሰዎች በገቡበት ጊዜ አንዱ የጻፈውን ሌላው እየሰረዘ ድካሙ ማለቂያ ያጣል።

ይህንን ባለማስተዋል የሚደርሰውን ለመረዳት የአንድ ጋዜጣ ታሪክ ይበቃል። በጁን 2005 በአሜሪካ የሚታተመው የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ፥ ስለ ኢራቅ ጦርነት የጻፈውን ርእሰ አንቀጽ በዊኪ ላይ አውጥቶ አንባቢዎች እንደ ፈቀዱ እንዲያርሙት ጋበዘ። ዐላማው መልካም ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ የተካፈለበት ርእሰ አንቀጽ ከአንድ አዘጋጅ ጽሑፍ ይሻላል ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ጦርነቱን የደገፈው ሰው የጻፈውን የተቃወመው ይሰርዘው ጀመር፤ ርእሰ አንቀጹንም የደጋፊና የተቃዋሚ ብሎ በሁለት ገጽ እስከ መክፈል ተደረሰ። በመጨረሻም ነውረኞች ሰዎች የብልግና ሥዕሎች ስለ ለጠፉበት፥ ሦስት ቀን እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ርእሰ አንቀጽ ፍርድና አስተያየት ነው፤ አስተያየትም ባለቤት ይሻል። ባለቤት የሌለው አስተያየት፥ ጌታ እንደሌለው እርሻ፥ ያለፈ ያገደመ ይረግጠዋል።

ዊኪ ለሚገባው ሥራ የዋለ እንደ ሆነ ግን ፍሬው ትልቅ ነው። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉት ሰዎች በ2000 ኑፔዲያ የተባለ የዕውቀት መዝገብ በኢንተርኔት ማዘጋጀት ጀመሩ። አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሊቃውንት እጅ በሰባት ደረጃ እንዲመረመር ደንብ ስለ ወጣ፥ ሥራው እጅግ ተጓተተ፤ ኑፔዲያ በ2003 እስከ ተዘጋ ድረስ ምርመራውን የፈጸሙት ጽሑፎች 30 እንኳ አልሞሉም። በጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ግን እነዚሁ ሰዎች ማንም ሊጽፍበት የሚችል ዊኪ ከፈቱ፤ ይኸውም ውክፔዲያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 20 ሺህ ያህል ጽሑፎች ተሰበሰቡ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ብቻ ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ ጽሑፎች አሉት፤ በጠቅላላውም ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይጻፋል።

ይህ ሥራ ሊጸና የቻለው ሁሉም ሰው አንድ ሐሳብ ስላለው አይደለም። ውክፔዲያ ከመነሻው ጀምሮ ጸሓፊው ወደ አንድ ወገን ሳያደላ፥ የተለያዩትን ሐሳቦች እንደ ክብደታቸው ከነባለቤቶቻቸው እንዲጽፍ ደንብ አወጣ። ሰዎች በፍርዱ ባይስማሙም፥ እገሌ እንዲህ አለ፥ እገሌ ደግሞ እንዲህ ብሎ ተቃወመ በሚለው ሊስማሙ ይችላሉና። የሎስ አንጀለሱ ሙከራ ያጣው ይህንን ዐይነት ደንብ ነበር።

ሆኖም ይህ ሥራ ያለ ጉዳት አልተገኘም። በ2005 ጆን ሲገንታለር ስለ ተባሉት አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በውክፔዲያ አንድ ጽሑፍ ወጣ። እኒህ ሰው የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበሩ ናቸው። ስሙን ያልገለጠው ጸሓፊ ግን በሁለቱ ኬኔዲዎች መገደል ተጠርጥረው ነበር ብሎ ጻፈባቸው። ነገሩ ፍጹም ሐሰት ነበር፤ ነገር ግን በሜይ ወር የተጻፈው ሐሰት ከአራት ወር በላይ የሚያርመው ሳያገኝ ተቀመጠ። ሽማግሌው በኖቬምበር ዩ ኤስ ኤ ቱዴይ በተባለው ጋዜጣ በገዛ ስማቸው ጽፈው ለሕዝብ አስታወቁ። ከዚህ በኋላ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ስሙን ያላስመዘገበ ሰው አዲስ ጽሑፍ እንዳይከፍት ተከለከለ። የተበደሉት ሰው ስማቸው የታወቀ፥ በጋዜጣ ለመናገር የቻሉ ነበሩና እውነቱን አወጡ። ብዕር የሌለው፥ የሚሰማው ያጣ ሰው ቢሆን ኖሮ ሐሰቱ እስከ መቼ ይኖር እንደ ነበረ ማሰብ ያስፈራል።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ከውክፔዲያና ከታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ዕውቀት ከብሪታኒካ 42 የሳይንስ ጽሑፎችን ለሊቃውንት አስመርምሮ ነበር። በአንድ ጽሑፍ በውክፔዲያ አራት ያህል፥ በብሪታኒካ ሦስት ያህል ስሕተት መገኘቱን አስታወቀ። የብሪታኒካ አዘጋጆች ምርመራው ትክክል አይደለም ብለው በ2006 በብርቱ ተቃወሙት። ያም ሆነ ይህ፥ ከሁለቱ ነገሮች አንድ ትምህርት ይገኛል። ብዙ ዐይን በሚያየው ገጽ ላይ ስሕተት ዕድሜው አጭር ነው፤ ማንም በማይጠብቀው ገጽ ላይ ግን ሐሰት እንደ እውነት ተከብሮ ይኖራል። የዊኪ ኀይሉ በሚጽፉት ሰዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን በሚጠብቁት ሰዎች ትጋት ነው።

ሁለቱን መሣሪያዎች እያንዳንዳቸውን በየሥራቸው ያዋሉ ሰዎች ያገኙት ውጤት ደግሞ የሚደነቅ ነው። በካምብሪጅ የሒሳብ መምህር የሆኑት ቲሞቲ ጋወርስ በጃንዋሪ 2009 በብሎጋቸው ላይ አንድ ጥያቄ አቀረቡ፤ ይኸውም ብዙ ሊቃውንት በአንድነት ሆነው አንድ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ሊፈቱ ይችላሉን? የሚል ነው። ለሙከራውም በ1991 በሌላ መንገድ ተረጋግጦ ለነበረ አንድ የሒሳብ ሕግ አዲስ ማስረጃ እንዲፈለግ አሳሰቡ። ቴረንስ ታውን የመሰሉ ታላላቅ ሊቃውንትም፥ ስማቸው እምብዛም ያልታወቀ መምህራንም ገቡበት። በ37 ቀን ውስጥ 27 ሰዎች 800 ያህል የሒሳብ ሐሳቦችን ጻፉ። እያንዳንዱ ሐሳብ ቍጥር ተሰጥቶት ከነጸሓፊው ስም ተቀመጠ፤ የተሳሳተውም ሐሳብ ሌላውን ወደ እውነት የመራ ስለ ሆነ አልተጣለም።

ነገር ግን 800 ሐሳብ በቀን ተራ ሲደረደር አዲስ ለሚመጣ ሰው እንደ ጫካ ሆነ። ስለዚህ ከብሎጉ ጐን ዊኪ ተከፈተ፤ በክርክሩ የጸናው ነገር በየርእሱ ተለቅሞ በዚያ ተጻፈ። ክርክሩ በብሎግ፥ ፍሬው በዊኪ ሆነ ማለት ነው። የተፈለገው ማስረጃ ተገኘ፤ በ2012 አናልስ ኦቭ ማቴማቲክስ በተባለው ከፍ ያለ የሒሳብ መጽሔት ታተመ። ጽሑፉም የወጣው ዲ. ኤች. ጄ. ፖሊማት በሚል የማኅበር ስም ነው። ይሁን እንጂ የማን ሐሳብ ምን እንደ ነበረ ለማወቅ የፈለገ ሰው ብሎጉን ገልጦ ያገኘዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህ ተፈጸመ፤ ግን ድሩ አንበሳ ያሰረው እያንዳንዱ ክር በየስፍራው ስለ ተሰካ ነው።

ይህ ነገር ለመምህራን ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት ሥራም የሚሆን መሆኑ ተፈትኗል። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በአሜሪካ አደጋ ከደረሰ በኋላ፥ ጉዳዩን እንዲመረምር የተሾመው ጉባኤ በ2004 ባወጣው መግለጫ፥ የአገሪቱ የስለላ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ያወቀውን ለሌላው ባለማካፈላቸው ወቀሳቸው። በዚያው ዓመት ካልቪን አንድሩስ የተባለ የአሜሪካ ማዕከላዊ የስለላ ድርጅት ሠራተኛ፥ መፍትሔው ዊኪንና ብሎግን በመሥሪያ ቤቶቹ መካከል ማቆም ነው የሚል ጽሑፍ ጻፈ። በ2006 ኢንተሊፔዲያ የተባለው የመሥሪያ ቤቶቹ ዊኪ መቆሙ በይፋ ተነገረ።

በዚህ ዊኪ ሁለት ነገር ይታያል። መጀመሪያ፥ ምሥጢሩ እንደየደረጃው እንዲጠበቅ በሦስት የተለያዩ መረቦች ላይ ተከፍሎ መቆሙ ነው። ሁለተኛ፥ ማንም ሰው ስሙን ደብቆ አለመጻፉ ነው፤ እያንዳንዱ እርማት የማን እንደ ሆነ ይታወቃል። የማኅበር መዝገብ ሆኖ ሳለ የያንዳንዱን ሰው ተጠያቂነት አላስቀረም። ይህም ሲገንታለርን የመሰለ ሰው የደረሰበት በደል በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ እንዳይደገም የሚያግድ ነው።

የማኅበር ጽሕፈት ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የብዙ ትውልድ ሥራ ነው። በውስጡ ያለው ሐሳብ የማን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ የጉባኤው ነው። የተለያየ ትርጓሜ ሲኖርም አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም፤ ‹አንድም› ተብሎ ከጐኑ ይቀመጣል። ማኅበር በአንድ መጽሐፍ ላይ ሳይጣላ የሚጽፍበትን ዘዴ ውክፔዲያ በደንብ ከመጻፉ በፊት፥ በጉባኤ ቤት በሥራ ይታወቅ ነበር። አንድምታን ያስከበረው ግን ስም አለመጻፉ አይደለም፤ ተማሪው የተናገረውን የሚሰማና የሚያርም ጉባኤ መኖሩ ነው።

በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ የሚጐድለው ይኸው ጉባኤ ነው። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ሲኖረው የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገደማ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበው ጽሑፉን ዘወትር የሚጠብቁት ሰዎች ጥቂት መሆናቸው ነው። ስለ አንድ ገዳም ታሪክ፥ ስለ አንድ አውራጃ ስም፥ ስለ አንድ ሊቅ ሕይወት የተጻፈ ስሕተት የሚያርመው ዐዋቂ ካጣ ይጸናል፤ ልጆች ከዚያ ላይ ገልብጠው ለመምህራቸው ያቀርቡታል። በዚህ ዘመን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት መሣሪያዎችም ቋንቋን ከሚማሩባቸው ጽሑፎች አንዱ ውክፔዲያ ስለ ሆነ፥ ስሕተቱ በብዙ አፍ ተባዝቶ ይመለሳል። ዐዋቂው ዝም ያለበትን ስፍራ የማያውቀው ይይዘዋል።

በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ጸሓፊ በጡረታ ሲሰናበት፥ አቤቱታ በምን መንገድ እንደሚመረመር፥ የቀድሞው ደንብ በምን ምክንያት እንደ ተለወጠ የሚያውቀውን በራሱ ይዞት ይሄዳል። ተተኪው ፋይል ያገላብጣል፤ ከአንዱ ደብዳቤ ያገኘውን ሌላው ደብዳቤ ያፈርስበታል። ባለጉዳዩም እስኪጣራ ድረስ በደጅ ይጕላላል። ይህ ጉዳት የሚደርሰው ሥራ ሳይጻፍ ስለ ቀረ ብቻ ሳይሆን፥ ምክሩና የምክሩ ፍሬ በአንድ ክምር ስለ ተደባለቀ ነው።

ስለዚህ ማኅበር ሆኖ በኢንተርኔት ለመጻፍ የሚነሣ መሥሪያ ቤትም ሆነ ደብር፥ መሣሪያውን ከመምረጡ በፊት ሥራውን ይለይ። ነገሩ ገና በምክር ላይ ያለ፥ ሐሳብ የሚለያይበት እንደ ሆነ፥ ሁሉም በስሙና በቀኑ ይጻፍ፤ ለዚህ ብሎግ ይስማማል። ምክሩ አልቆ የጸናውን ነገር ለተተኪ ለማቈየት የሆነ እንደ ሆነ፥ በርእስ በርእሱ ተለቅሞ በጋራ መዝገብ ይግባ፤ ለዚህ ዊኪ ይስማማል። በዊኪው ላይ ያራሚው ስም እንዳይሰወር፥ ለእያንዳንዱ ገጽ ጠባቂ እንዲመደብለት፥ ምሥጢር የሆነው ነገርም ከግልጡ ተለይቶ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል። ውሳኔና ትእዛዝ ግን እንደ ቀድሞው ሁሉ የሚጠየቅበት ሹም ፊርማና ማኅተም ይኑረው፤ የማኅበር ብዕር የሹምን ኀላፊነት አይሸከምምና።

ደብዳቤ ያለ መዝገብ ይበተናል፤ መዝገብ ያለ ደብዳቤ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። ሁለቱን በየስፍራቸው ያቆመ ቤት ግን የዛሬውን ሠራተኛ ድካም ለነገው ሠራተኛ ያወርሳል፤ የሰውንም ስም ከሐሰት ይጠብቃል።